የጦሳን ተራራ በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ፦ በትንሽ አኳሪየም ድንጋይና እንጨት እንዴት ይደረደራል?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ሳሎን ውስጥ "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መብራት አብርቼ ስወጣ ምንጣፉ ርሷል። አኳሪየሜ ውስጥ ያቆምኩት ትልቅ ድንጋይ ተንሸራቶ የታችኛውን መስታወት ሰንጥቆታል። ዓሣዎቹን በባልዲ አተረፍኳቸው። ምንጣፉ ግን ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። የደሴን ብርድ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ።

ድንጋዩን የጣለው መሠረት ማጣት ነው። አሸዋ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ዓሣዎቹ ከሥሩ ሲጭሩ ከርመው አንድ ሌሊት ሚዛኑን ሳተ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ጓደኞቼም ብዙ አኳሪየም አደራጅቻለሁ። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው፦ ድንጋዩና እንጨቱ ገና ደረቅ ሳሉ ጊዜ ስጧቸው። ውሃ ከገባ በኋላ ማስተካከል ያደክማል። ተክሉ ሥር ከሰደደ በኋላ ደግሞ መንቀሉ ያሳሳል።

የማሳያችሁ 45 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ቁመት ያለው አኳሪየም ነው። ወደ 40 ሊትር ይይዛል። የእናንተ ከዚህ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ልኩን እያሰባችሁ ቀይሩት።

መስታወቱና ማስቀመጫው

ይህን መጠን መስታወት ቤት ማስቆረጥ ይቻላል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ሲሊኮን መሆን አለበት። መከላከያው ዓሣ ይጎዳል። ከተጣበቀ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ውጭ ወይም መታጠቢያ ቤት አስቀምጣችሁ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ይታወቃል።

ክብደቱን ሰዎች ይንቁታል። ውሃው ብቻ 40 ኪሎ ነው። አሸዋው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲደመር ከ60 ኪሎ ያልፋል። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀንና ሌሊት ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ወይም የሚንቀጠቀጥ ቡፌ አይሆንም። ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ሥር ደግሞ አታድርጉት፤ በአረንጓዴ አልጌ ትሰለቻላችሁ።

ድንጋይ ለቀማ

ወሎ ለዚህ ሥራ የታደለ አገር ነው። የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈሶ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ልብ ብላችሁ እዩት፤ ደርብ ደርብ ሆኖ ይታያል። ይህ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ብዙም ስለማይሟሟ ለአኳሪየም ተመራጭ ነው። ለግንባታ የሚውለው ቀዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የምንለው፣ እሱም ጥሩ ነው። ቀላል ስለሆነ ከኋላ ከፍታ ለመሥራት ይመቻል። ቀዳዳዎቹም ውሃውን ለሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ቤት ይሆናሉ።

የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ተዉ። ቀስ በቀስ እየሟሙ ውሃውን በማዕድን ያከብዱታል፤ ፒኤቹንም (የውሃውን የአሲድነት ልክ የሚያሳየውን ቁጥር) ከፍ ያደርጉታል። በትልቅ ሐይቅ ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። በ40 ሊትር ውስጥ ግን በወር ይታያል።

እንዴት ትለያላችሁ? በአቼቶ። ድንጋዩን በምስማር ጫር ጫር አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ተመልከቱ። ትንንሽ አረፋ ከወጣ ኖራ አለበት፤ መልሱት። ዝም ካለ ይሁን። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አረፋው አይጮህም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አንድ ጊዜ ከገራዶ በኩል ያመጣሁት በጣም የሚያምር ጥቁር ድንጋይ ነበረኝ። ሰውነቱ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። ጥቁሩ ላይ አቼቶ ጠብ ሳደርግ ዝም አለ። ነጩ ላይ ጠብ ሳደርግ ግን ጥቃቅን አረፋዎች ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ። እሳተ ገሞራው ሲረጋ የቀሩት የአየር ቀዳዳዎች በኋላ በኖራ ማዕድን ተሞልተው ነው። እና ስትፈትሹ ጥቁሩን ብቻ አትፈትሹ፤ ነጩንም፣ ስንጥቁንም ፈትሹ። የዝገት መስመር ያለበትን፣ እንደ ብረት የሚያብለጨልጨውን ደግሞ ከነጭራሹ አታምጡ።

ድንጋዩ ሁሉ ከአንድ ቦታ፣ ዓይነቱም አንድ ይሁን። ከዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ምክር ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይህን እሰጣችኋለሁ። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ድንጋይ የተቀላቀለበት አኳሪየም የተራገፈ ዕቃ ይመስላል። ከአንድ ጅረት የተለቀመ ድንጋይ ግን ቀለሙም፣ ጭረቱም፣ ስብራቱም የአንድ ቤተሰብ ነው።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ከምትፈልጉት ሦስት እጥፍ ልቀሙ። ለዚህ መጠን አንድ ዋና ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ቁመቱ ከ18 እስከ 20 ሳንቲሜትር። የመስታወቱን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። ቀጥሎ 12 ሳንቲሜትር የሚያህል ሁለትና ሦስት፣ ከዚያ ቡጢ የሚያህሉ አምስት ስድስት፣ ከዚያ አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጠር። ሰው ሁሉ ትልቁን ብቻ ይለቅማል። ጠጠሩን ሳይዙ መጥተው እንደገና የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ለቀማው በበጋ ይሁን። ከከተማ በታች ከሚወርድ ውሃ አትልቀሙ፤ ቆሻሻና ዘይት ያዘለ ድንጋይ መቼም አይጠራም። ቆላማው ወሎ ላይና በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። ቀስ እያለ በሚሄድ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ውሃው ከሸሸበት ደረቅ ዳርቻ ላይ ልቀሙ። ከመቃብርና ከቤተ እምነት ቅጥር ደግሞ ምንም አይነሳም።

ስታጥቡት በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፤ ሳሙና አይነካውም። የፈላ ውሃ ብታፈሱበት ይበቃል። መቀቀልም፣ ከሰል ላይ ማስቀመጥም አያስፈልግም። ውሃ የጠጣ የወንዝ ድንጋይ እሳት ላይ ይፈነዳል። ምድጃ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

እንጨቱ

ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደራሽ ያመጣው እንጨት ወንዝ ዳር ተከምሮ ይገኛል። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ለስላሳው ክፍል ተበልቶ፣ ጠንካራው ልቡ ብቻ የቀረ ከሆነ የምንፈልገው እሱ ነው።

ግን የምን ዛፍ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ብርብራ በፍጹም አይገባም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ እንደሚያደነዝዝ አገራችን ከጥንት ያውቃል። ቁልቋልና ቅንጭብ ወተታቸው መርዝ ነው። ብሳናም ይቅር። ጽድ ሙጫ አለው፣ ባህር ዛፍ ዘይት አለው፤ ሁለቱም ይቅሩ። ምን ዛፍ እንደሆነ ካልለያችሁ እዚያው ተዉት።

እኔ የምወደው የወይራ ሥር ነው። ከሞተ ዓመታት ያለፉት፣ ሲያንኳኩት እንደ ሸክላ "ቃ" የሚል። ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይሰምጣል፤ ጥምዝምዙም ዓይን ይሞላል። ኮምቦልቻና ከዚያ ወረድ ያለ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የደረቀ የዘይቱን (ጓቫ) ቅርንጫፍ ታገኛላችሁ። ቀጫጭን ስለሆነ ለትንሽ አኳሪየም ልክ ነው። ሕያው ዛፍ አትቁረጡ። እርጥብ እንጨት ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ልፋታችሁም ከንቱ ይቀራል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጥፍራችሁን ተጫኑበት፤ ከገባ በስብሷል። አሽትቱት፤ የሻጋታ ወይም የሙጫ ሽታ ካለው አይሆንም።

ከዚያ ቀቅሉት። እዚህ ላይ የደሴ ሰው ልብ ይበል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ዝቅተኛ ቦታ አንድ ሰዓት የሚበቃው እዚህ ጨመር ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ሁለት ሰዓት እቀቅላለሁ፤ ውሃውን ደፍቼ እደግመዋለሁ። ድስቱ ለምግብ የማይውል ይሁን። ከድስት የሚበልጥ ከሆነ በገንዳ ውስጥ የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ ድንጋይ ጫኑበት።

ቀጥሎ መዘፍዘፍ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ እየቀየራችሁ። ውሃው ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። እንጨቱ የሚለቀው ታኒን ነው፤ ዓሣ አይጎዳም። እንዲያውም ብዙ የሐሩር አገር ዓሣዎች የሚኖሩት እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ቀለሙ ካልተመቻችሁ ግን እስኪጠራ ዘፍዝፉት። ራሱን ችሎ ሲሰምጥ ዝግጁ ነው። አልሰምጥ ያለውን እንጨት በማይዝግ ብሎን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሴራሚክ ስባሪ ላይ እሰሩትና ስባሪውን አሸዋ ውስጥ ቅበሩት።

ልምምድ በካርቶን

የመስታወቱን ልክ የሆነ ካርቶን ፈልጉና የፊቱን ጎን ቁረጡት። ውስጡ አሸዋ ጨምሩ። ልምምዱ እዚህ ነው። ባዶ መስታወት ውስጥ ድንጋይ እያነሱ መጣል ጭረትና ስብራት ያመጣል። በካርቶን ግን መቶ ጊዜ ብትሞክሩ ምንም አይደል።

መጀመሪያ አካባቢ አንድ እሑድ እንዲህ መሬት ላይ ካርቶን ዘርግቼ ስታገል ግንበኛ ጎረቤታችን ለቡና መጡ። ቆመው አዩኝ፤ ስኒያቸውን እንደያዙ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ድንጋይ እኮ ደፍተሽዋል" አሉኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

ስኒውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። ድንጋዩን አነሱና በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ልክ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። አንዱ ጎን ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። "ድንጋይ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ መቀመጫ አለው። መቀመጫው ይሄ ነው። ይሄ ደግሞ ፊቱ ነው፤ ዝናብ ሲመታው የኖረው። አንቺ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽበታል።" አሸዋውን በጣታቸው ቆፈር አድርገው አስቀመጡት። ሲሶው ተቀበረ። ወዲያው ያ ድንጋይ እዚያው የበቀለ መሰለ። "አብሽሪ፣ እጅ ይለምዳል" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንጋይ ሳነሳ መጀመሪያ መቀመጫውን እፈልጋለሁ። እናንተም እያንዳንዱን ድንጋይ አዙራችሁ እዩ። ዝናብና ጎርፍ ያለዘበው፣ ጭረቱ ጎልቶ የሚታየው ጎን ፊቱ ነው። እሱ ወደ ተመልካች ይዙር። ከታች ደግሞ አንድ ሦስተኛው ይቀበር። አሸዋ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ድንጋይ የተረሳ ዕቃ ይመስላል። የተቀበረ ድንጋይ ግን ከሥሩ ተራራ ያለ ያስመስላል።

ጉልቻ አታድርጉት

ጀማሪ ሰው ሦስት ድንጋይ ስጡት፤ እኩል እኩል አድርጎ፣ እኩል ርቀት ላይ ያስቀምጣቸዋል። እጃችን የለመደው ጉልቻ ነዋ። ጉልቻ ድስት እንዳያዘነብል እኩል መሆን አለበት። እዚህ ግን ድስት የለም። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" እንደሚባለው፣ እኩል የሆኑ ድንጋዮችን ቦታ ብታቀያይሯቸውም ለውጥ አይመጣም። መለዋወጥ ያለበት መጠናቸው ነው።

ይህን ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቀው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 2015 የኖረ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ኒጋታ ላይ የአኳሪየም ድርጅቱን አቋቋመ። ከጃፓን የአትክልት ቦታ የመጣውን ኢዋጉሚ የሚባለውን የድንጋይ አደራደር ወደ መስታወት ውስጥ አስገባው። በዚህ አደራደር ዋናው ድንጋይ ኦያኢሺ ይባላል፤ "ወላጅ ድንጋይ" ማለት ነው። ሁለተኛው ያግዘዋል፤ ሌሎቹ ያጅቡታል። የመጨረሻዎቹ ትንንሾች ደግሞ ሱቴኢሺ ይባላሉ፤ "የተጣሉ" እንደማለት። ሳር ሲያድግ ቢሸፈኑም ቅር አይልም። ብዛታቸው ጎዶሎ ቁጥር ነው፦ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት።

ወላጁን መሐል ላይ አታቁሙት። ርዝመቱን በ0.618 አባዙት። ለ45 ሳንቲሜትር 28 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ጫፉ ከአንዱ ጎን 28፣ ከሌላው 17 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን። ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርጉበት። ዓይን ያን ቦታ ሳይነግሩት ያገኘዋል።

ቀጥ ብሎም አይቁም። ትንሽ ያዘንብል። ሌሎቹም ወደዚያው አቅጣጫ ያዘንብሉ፤ ጎርፍ ከአንድ በኩል ሲገፋቸው እንደኖረ። በድንጋዮቹ ላይ ያለው መስመር ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሂድ። አንዱ ተጋድሞ ሌላው ቆሞ ከሆነ መስመሮቹ ይጣላሉ። ለምን እንዳላማረ ሳታውቁት ዓይናችሁ ይደክማል።

መልኩን ከየት ላምጣ ካላችሁ ደግሞ ውጡና ከደሴ በላይ ያለውን ጦሳን እዩት። ሰኞ ገበያ በኩል ቆማችሁ ቀና በሉ። በአንድ በኩል ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ከተማዋ ከሥሩ ትተኛለች፣ በሌላው በኩል መሬቱ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሰምጣል። በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ወደ ሌላው የሚወርድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን አደራደር የሚሉት ይህንኑ ነው። ለ45 ሳንቲሜትር ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው። በሁለቱም ጎን ከፍ ብሎ መሐሉ ሸለቆ የሚሆነው አደራደር ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ለሆነ ይሻላል። በትንሹ ውስጥ ይጨናነቃል።

ባዶ ቦታ ተዉ። ከወለሉ ሲሶው ቢያንስ ክፍት አሸዋ ይሁን። ስትጨርሱ ባዶነቱ ያስፈራችኋል፤ እጃችሁ አንድ ድንጋይ ልጨምር ይላል። አትጨምሩ። ያ ክፍት ቦታ ነው ድንጋዩን ተራራ የሚያስመስለው።

እንጨቱ ከወላጁ ጀርባ ወጥቶ በላዩ ይለፍ፤ ጫፉም ወደ ክፍቱ ቦታ ያመልክት። የዛፍ ሥር ድንጋይ አቅፎ እንደሚይዝ አስቡት። ወፍራሙ ጫፍ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። ሁለት እንጨት ካለ አንዱ ከሌላው የተገነጠለ ይምሰል፤ ተሻግረው መስቀለኛ አይሁኑ።

ካስማማችሁ በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀለሙ ሲጠፋ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ከፍታው አልበቃም ማለት ነው። ፎቶውን ያዙና ሁለት ቀን ተዉት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስታዩት ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ነገር አስተውሉ። ወላጁ ላይ ካረፈ ደርሳችኋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

መስታወቱ ውስጥ ማስገባት

አሁን ወደ እውነተኛው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

1. ከባድ ድንጋዮች በሚያርፉበት ቦታ ብቻ ስስ ፎም ወይም ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ። የድንጋይ ሹል ጫፍ መስታወቱን በቀጥታ አይንካ።

2. ወላጁንና ሁለተኛውን ድንጋይ ፎሙ ላይ አስቀምጡ፤ አሸዋ ሳይገባ። በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ከተወዛወዘ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ጠጠር ሸጉጡለት። ግንበኛ እንደሚያደርገው። የእኔን ምንጣፍ ያተርፍ የነበረው ይህ እርምጃ ነው።

3. ከመስታወቱ ግድግዳ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ራቁ። አልጌ ስታጸዱ ስፖንጅ የያዘ እጅ ማለፍ አለበት።

4. አሸዋ ውስጥ የሚተከል ተክል ካላችሁ በሚተከልበት ቦታ 2 ሳንቲሜትር የተነፋ የጓሮ አፈር አድርጉ። ፍግ ወይም ማዳበሪያ የነካው አይሁን። ድንጋይ ሥርና ፊት ለፊት ባለው ክፍት ቦታ አፈር አይግባ። ድንጋይ ሥር የታፈነ አፈር ይሸታል፤ መጥፎ ጋዝም ያመጣል።

5. በላዩ የታጠበ አሸዋ ወይም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር። አሸዋው ውሃው እስኪጠራ ይታጠብ፤ አሥር ጊዜም ቢሆን። ፊት ለፊት 3 ሳንቲሜትር፣ ከኋላ 8 ወይም 10። ይህ ተዳፋት 30 ሳንቲሜትሩን ወርድ ጠለቅ ያለ ያስመስለዋል። አሸዋው ወደ ፊት እንዳይናድ ከኋላ ሬድ አሽ ደልድሉበት።

6. እንጨቱን አስገቡ። ቀጥሎ ቡጢ የሚያህሉትን። በመጨረሻ ጠጠሩን ከትልልቆቹ ሥር በተን በተን አድርጉ። ተራራ ሥር ሁልጊዜ ናዳ አለ። ትልቅ ድንጋይ ከንጹሕ አሸዋ ላይ ድንገት ብቅ ሲል ሐሰት መሆኑ የሚያስታውቀው ለዚህ ነው።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደረብ ከፈለጋችሁ አጣብቁት። ሱፐር ግሉ ይበቃል። በመገናኛው ላይ ትንሽ ጥጥ ወትፉና ሙጫውን ጠብ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ጥጡ ሙጫ ሲነካው በጣም ይሞቃል፤ ያጨሳልም። ስለዚህ በጣታችሁ አትያዙት፤ መስኮት ክፈቱ። ከደረቀ በኋላ ዓሣ አይጎዳም። ሲሚንቶ ግን አትጠቀሙ፤ ኖራው ወደ ውሃው ይወጣል።

የፊልተሩን፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያውን፣ እና የማሞቂያውን ቦታ ከአሁኑ አስቡ። ማሞቂያው ከእንጨቱ ጀርባ ሊደበቅ ይችላል፤ አሸዋ ውስጥ ግን አይቀበር። የፊልተሩ ውሃ ወላጁን ፊት ለፊት የሚመታ ከሆነ ከጀርባው ውሃው ይቆማል፤ ቆሻሻም ይከማቻል። በረጅሙ ጎን እንዲፈስ አዙሩት።

ተክልና ውሃ

ተክል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ማለት ነው። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከታሸገ ቀኑን ሙሉ ይችላል። ለጀማሪ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ጃቫ ሞስ ይሁንላችሁ። ሦስቱም ብዙ ብርሃን አይጠይቁም፤ እንጨትና ድንጋይ ላይ ይይዛሉ። የአኑቢያስና የፈርኑን ወፍራም አግዳሚ ግንድ አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፤ ይበሰብሳል። በጥጥ ክር እንጨቱ ላይ እሰሩት፤ ክሩ እስኪበሰብስ ሥሩ ይይዛል። ሞሱን ስስ አድርጋችሁ እንጨቱና ድንጋዩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ እሰሩ። ያ መገናኛ ሲሸፈን ሁለቱ አብረው የኖሩ ይመስላሉ። ቀጭን ቅጠል ያለው ፊት፣ ሰፊው ኋላ የሚባለው ደንብ በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ አይሠራም። ትልቅ ቅጠል ተራራውን ድንክ ያደርገዋል። ከአኑቢያሱም ከፈርኑም ትናንሽ ቅጠል ያላቸውን ብቻ ምረጡ።

የቧንቧ ውሃውን አንድ ቀን በባልዲ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይወጣል። ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሰሃን አስቀምጡና ውሃውን በሰሃኑ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። በቀጥታ ካፈሰሳችሁ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ባልዲ ታፈርሱታላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት እንጨቱ ላይ ነጭ፣ ጥጥ የሚመስል ዝልግልግ ይወጣል። ብዙ ሰው ይደነግጥና እንጨቱን አውጥቶ ይጥላል። አብሽሩ። አዲስ እንጨት ላይ የሚወጣ ነው፤ ጉዳት የለውም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንሱት። በአንድ ወር ገደማ በራሱ ይጠፋል።

ደሴ ላይ ማሞቂያ ግድ ነው። ለ40 ሊትር 75 ዋት ውሰዱ። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ 50 ዋት ይበቃል። በ24 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ሌሊት መብራት ከጠፋ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ውሃው ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ቅዝቃዜው በአንዴ አይመጣም።

ዓሣ ለማስገባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። ቆሻሻን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ፣ አሸዋውና ፊልተሩ ላይ የሚረቡት በዚህ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሩ። ድንጋዩ ላይ ቡናማ አልጌ ሲይዝ በብሩሽ ፈተግ አድርጉት። አረንጓዴ ሲሆን ግን እኔ እተወዋለሁ፤ ድንጋዩን ያስረጀዋል።

ከዚያ ጋፒ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ሦስት። ከሳምንት በኋላ ሌላ ሦስት። የመጡበትን የፕላስቲክ ከረጢት ውሃው ላይ ለሃያ ደቂቃ አንሳፍፉትና ልቀቋቸው። መጀመሪያ ከእንጨቱ ሥር ይደበቃሉ። መብራቱን አጥፉላቸውና እስከ ጠዋት ተዉአቸው። ሲነጋ ወጥተው ወላጁን ድንጋይ ሲዞሩት ታገኟቸዋላችሁ።